ቀድማ የወረደች መቋሚያ

ልብስ ሰፊው ሰጠኝ ክንዱ እግሩን ማሳረፍ አይችልም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ጣልያን ሠርቶት በሄደው የፒያሳ ፎቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ሲረግጥ ኖሯልና፣ ቀኝ እግሩ መኪናውን ትቶ ወደ ቤት ሲገባም ሥራውን አይተውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይረግጣል። ጠላ ቤት ተቀምጦ ይረግጣል። አንድ ጊዜማ ለምስክርነት ተጠርቶ ፍርድ ቤት ቆሞ ሳለ ሲረግጥ አይተው፣ «ምነው፣ ልትሮጥ ነው እንዴ?» ተብሏል ይላሉ። ሚስቱ ሸዋረግ ጥላው የሄደችውም «ተኝቶም ይሰፋል» ብላ ነው። እውነቷን ይሁን ሰበብ ፈልጋ፣ እሷ ታውቃለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው በሠላሳ አራት ዓመቱ ማኅሌት ሊማር የተነሣው።

ወዶ አልነበረም። አባቱ ደብተራ ክንዱ ከቁስቋም በታች ባለችው ትንሽ ደብር አርባ ዓመት በቀኝ ሰልፍ ቆመው አገልግለዋል። የሚኖሩበት ቤትና ከቤቱ በታች ያለው እርሻ የድብትርና መሬት ነበር፤ ማኅሌት ቆሞ ለሚያገለግል የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሚመለስ። አዛውንቱ ሲያርፉ ደብሩ ሁለት ክረምት በዝምታ አሳለፈና፣ በሦስተኛው መስከረም አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ሰጠኝን ደጀ ሰላም አስጠሩት።

«ልጄ፣ አባትህን እኛም አልረሳናቸውም» አሉት። «ቦታቸው ግን ባዶ ነው። እስከ መጪው ደብረ ዘይት ድረስ ተምረህ፣ የጾሙ እኩሌታ በሚከበርበት በዚያ እሑድ ከሊቃውንቱ ጋር ከዘመምህ፣ ቤቱም እርሻውም እንደ ነበረ የእናትህ ነው። ካልሆነ አገልጋይ መጥቷል።»

«ሰው ቀጥሬ ባቆምስ አባታችን?»

«ያ ቀርቷል። ሁሉ እየቀጠረ ማኅሌታችን የቀን ሠራተኛ መሰብሰቢያ መሰለ። በራስህ እግር ቁም።»

ምናለ «በእጅህ» ቢሉት! በእጁ ቢሆን የጳጳስ ልብስ ይሰፋ ነበር። እግሩን ጠየቁት።

መጣ የተባለው አገልጋይ አያ ዋኘው ነበር። የዛሪማ ሰው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል፣ ጨዋ። ክፋት የለበትም። ሆኖም በየጧቱ በእነ ሰጠኝ አጥር ሥር ሲያልፍ ቆም ይልና ግቢውን ያያል።

«እንዴት አደሩ እመት ታየች? ይቺ ኮክ ዘንድሮ መገረዝ ነበረባት።»

የሰጠኝ እናት ወይዘሮ ታየች ከጓሮ ብቅ ይላሉ። «ኮኳ ደኅና ናት አያ ዋኘው። መገረዝ ያለበት ሌላ ነው።»

«ምኑ?»

«ዓይንህ!»

አያ ዋኘው ኮፍያውን ከፍ አድርጎ፣ ሰላም ብሎ ይሄዳል። በማግስቱ ደግሞ ስለ ጎተራው ክዳን ይናገራል።

ሰጠኝ ትምህርቱን የጀመረው በመሪጌታ ሐብተ ማርያም ዘንድ ነው። ገና ሳይነጋጋ ይሄዳል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ መኪናው ይሮጣል። የኔታ ሰባ የዘለቁ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ኩራታቸው ትንፋሻቸው ነው። አንዲት ቃል ይዘው መሳብ ከጀመሩ፣ ሰው ቤቱ ደርሶ የረሳውን ዕቃ ይዞ ይመለሳል ይባልላቸዋል። ሰጠኝ በልጅነቱ ዳዊት ደግሟልና ንባቡ አላስቸገረውም። ድምፁም የአባቱ ነው። ቀለሙን በሦስት ወር ውስጥ እየተቀበለ ሲሄድ የኔታ እንኳ «ይህ ልጅ የት ነበር?» ብለዋል።

ችግሩ የመጣው መቋሚያ ሲጨብጥ ነው። ዝማሜ ማለት በመቋሚያ ነው፤ ከዜማው ጋር መቋሚያዋ ትነሣለች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትላለች፣ ቃሉ ሲያርፍ እሷም ከሁሉ እኩል መሬት ትነካለች። ሃያ ሰው ሲዘምም የሚሰማው አንድ ምት ነው። በሰጠኝ ዘመን ግን ሁለት ሆነ። መጀመሪያ የሰጠኝ፣ ከዚያ የሃያው።

«ሰጠኝ!» ይላሉ የኔታ።

«አቤት የኔታ።»

«ማን እያባረረህ ነው?»

«ማንም የኔታ።»

«እንግዲያው ጠብቀንና አብረን እንሂድ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «መቋሚያ መርፌ አይደለም ልጄ፤ መሬቷን አትውጋት» ይሉታል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። አብዛኞቹ የእሱን እድሜ እኩሌታ የማይሞሉ ናቸው፤ መሳቃቸው ሳይሆን ሳቃቸውን ለመደበቅ መድከማቸው ነበር የሚያሳፍረው።

ያልሞከረው ነገር የለም። ጫማው ውስጥ ጠጠር ጨመረ። ቁርጭምጭሚቱን በገመድ አስሮ አደረ። ቀኝ እግሩን ላሳርፈው ብሎ አንድ ሳምንት መኪናውን በግራ እግሩ ረገጠ፤ በዚያ ሳምንት የሰፋት የአንድ ፖሊስ ሱሪ አንደኛው እግሯ በአራት ጣት አጥሮ ተገኘና፣ ፖሊሱ ሱሪዋን ለብሶ በረንዳው ላይ እንደ አንካሳ እየተራመደ «እይ! እይ!» ሲለው ፒያሳ በሙሉ ቆሞ ተመለከተ። ሰጠኝ ሌሊት ሰፍቶ መለሰለት። እግሩ ግን እንደ ነበረ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አቶ ይባረክ የሚባል ወጣት አስተማሪ ወደ በረንዳው መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጸጉሩን ወደ ጎን የሚያበጥር፣ ቦርሳውን ከብብቱ የማይለይ ሰው ነው። በደብሩ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቶችን ይሰበስብና በአማርኛ የተገጠመ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያስተምራል። ለመዘምራኑ ሃያ ሁለት ነጭ ቀሚስ እንዲሰፋለት ነው የመጣው።

ሰጠኝ ልኬት ሊወስድ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ የእንጨት ሳጥን የመሰለ ነገር ተቀምጧል፤ ከላይ ነጭና ጥቁር ጥርስ አለው፣ ከታች ሁለት መርገጫ። ሐርሞኒየም ነው አሉት። የሴቶቹን ልኬት የምትወስድለት ልጅ እስክትጨርስ ድረስ፣ ደክሞት ነበርና ከሳጥኑ ፊት ካለችው በርጩማ ላይ ዐረፍ አለ። መርገጫዎቹን ያገኘው እሱ አይደለም፤ እግሩ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የተኛ አውሬ እንደነቃ ሁሉ መተንፈስ ጀመረ። አቶ ይባረክ ሮጦ መጣ። አልተቆጣም፤ ጎንበስ ብሎ አንዷን ጥርስ ተጫነ። ድምፁ ወጣ፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቆራረጥ፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ።

«አቶ ሰጠኝ! ማን አስተማረዎት?»

«ምኑን?»

«አየሩን ነዋ! እኔ እንዲህ እኩል አድርጌ ለመርገጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አሁንም አንዳንዴ ያነክሳል።»

«ይኸማ መኪና ነው» አለ ሰጠኝ። ግን ጆሮው ድረስ ቀላ።

በሕይወቱ ሙሉ እግሩን ያመሰገነለት ሰው አልነበረም። ከዚያ እሑድ ወዲህ አዳራሹ ቤቱ ሆነ። መጀመሪያ ይረግጣል፣ አቶ ይባረክ ይጫወታል። ቀጥሎ ቀኝ እጁ አንድ መዝሙር ቻለ። በጥር መጨረሻ አራት መዝሙር ያውቅ ነበር። ዘመናይ የምትባል ፊተኛ መዘምርት «አያ ሰጠኝ ሲረግጥልን ድምፃችን አይወድቅም» ስትል ሰምቶ፣ በዚያ ሳምንት ቀሚሷን ከሁሉ አስቀድሞ ጨረሰላት።

ወሬው የኔታ ዘንድ ደረሰ።

«ሳጥን ትረግጣለህ አሉ» አሉት አንድ ጧት።

«አዎ የኔታ።» መሬቱን አየ፤ በትር የሚመጣ መስሎት ነበር።

«ሸጋ። እግርህ እዚያ ይድከምና እዚህ ይረፍ።»

እግሩ ግን እዚያ አልደከመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ጧት ዝግታው ያንገበግበዋል፤ እሑድ አዳራሹ ውስጥ ደስ ይለውና ወዲያው ጥር አልቆ የካቲት መግባቱ ትዝ ይለዋል። ቤት ሲገባ እናቱ የሚያዩት እግሩን ነው። አንድ እሑድ ታዲያ ጭንቀቱን ለአቶ ይባረክ አወራው።

«ለምን አይቆጥሩትም?» አለ አስተማሪው።

«ምኑን ልቁጠር?»

«ምቱን! የእኛን መዝሙር እንደምንቆጥረው። ይምጡ።» እርሳስ አወጣና ወረቀት ላይ ጻፈለት። አንድ ሲል ያነሣል። ሦስት ላይ ወደ ግራ። አምስት ላይ ወደ ቀኝ። ስምንት ላይ ያወርዳል። «በልብዎ ብቻ። ማን ያውቃል?»

ሰኞ ጧት ሰጠኝ በልቡ እየቆጠረ ዘመመ። ስምንት ሲል አወረዳት። ከሃያው መቋሚያ ጋር እኩል መሬት ነካች።

ማንም አልሳቀም። የኔታ ቀና ብለው አዩት። በማግስቱም እኩል ወረደች። በሦስተኛውም። የኔታ በትምህርት ጊዜ ቃሉን የሚስቡት በልክ ነበርና፣ የሰጠኝ ስምንት ሁልጊዜ ትገጥማለች። ሐሙስ ለት ጠሩት።

«ሰጠኝ፣ ምን ጠጣህ?»

«ምንም የኔታ።»

«ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል።»

«ዜማውን እያልሁት ነው የኔታ።»

መዋሸቱ ነው። አፉ እንደ ቀና ሰው ነገሩን ሲናገር ጆሮው ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ታየች ግን ያች መቋሚያ እኩል ወረደች የሚለውን ሰምተው ሰፈሩን አዳርሰዋል። አያ ዋኘው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ አልጠበቁትም፤ እሳቸው ቀድመው ወጡ።

«አያ ዋኘው! እንግዲህ ኮኳን ማን ይገርዛት?»

«እግዚአብሔር ያውቃል እመት ታየች» አለ ዋኘው፤ እንደ ልማዱ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ሄደ። ያን ለት ግን ግቢውን አላየም።

ከዚያ ወዲህ ሰጠኝ መቁጠር ማቆም አቃተው። ከቤት እስከ ፒያሳ እርምጃውን ይቆጥራል። ጉርሻውን ስንቴ እንዳላመጠ ይቆጥራል። እናቱ ሲያወሩት ወሬው አይገባውም፤ በየስምንተኛው ቃል ራሱን ይነቀንቃል። ደንበኛ የልብስ ዋጋ ሲጠይቀው «ስምንት» ብሎ፣ የአንዲት ሴት ኮት በኪሳራ ሰፍቷል። እንቅልፍ የሚወስደው እየቆጠረ ነው፤ የሚነቃውም ከቆመበት ቀጥሎ ነው የሚመስለው።

ጾሙ ገባ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይነካም፤ የደብሩ ከበሮ ከግድግዳው ተሰቀለ። አቶ ይባረክም በራሱ ፈቃድ ሐርሞኒየሙን በነጭ አቡጀዲ ሸፈነውና ልጆቹ በባዶ ድምፅ ይዘምሩ ጀመር። በማኅሌቱ የቀረው የሰው ድምፅና መቋሚያ ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ ከበሮ የሚሸፍነው ስሕተት በጾም ራቁቱን ይቀራል። ይህን ሰጠኝ ያውቃል። ስለዚህ የበለጠ ቆጠረ።

ደብረ ዘይት ደረሰ። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ሰጠኝ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጥምጥሙን አሥሮ፣ በቀኝ ሰልፍ አባቱ ይቆሙበት ከነበረው ስፍራ ቆመ። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ከአጠገቡ የቆመው አያ ዋኘው ነው። በሴቶች በኩል ወይዘሮ ታየች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው መቋሚያ ላይ ተክለዋል። አለቃ ተክለ ጊዮርጊስም ከፊት ሆነው እንዲሁ።

የመጀመሪያው ዝማሜ ሄደ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት፤ ጧ። አንድ ምት። ሁለተኛውም ሄደ። የሰጠኝ ጀርባ በላብ ራሰ፤ ልቡ ግን «ይኸው! ይኸው!» ይል ጀመር።

ሦስተኛውን የመሩት የኔታ ሐብተ ማርያም ናቸው። ዜማው እየተሳበ ከመጨረሻዋ ቃል ደረሰ። በትምህርት ቤት ይህችን ቃል በልክ ነበር የሚሏት። ዛሬ ግን በዓል ነው፤ ምናልባትም ሽማግሌው ለሚመጣው ዓመት መድረሳቸውን ተጠራጥረው ይሆናል። ቃሏን ያዟት፣ ሳቧት፣ አወጧት፣ አዞሯት፤ ሃያ መቋሚያ አየር ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቃለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ትንፋሹን ይዟል።

ሰጠኝ ስምንት አለ።

ጧ!

በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ በደንጊያው ወለል ላይ፣ ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለ። አንዲት ሕፃን በድንጋጤ አለቀሰች። ሰጠኝ ደንግጦ መቋሚያውን እንደገና አነሣ፤ ቁጥሩ ግን በውስጡ አልቆመም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቀጠለ። የኔታም ገና ከዚያችው ቃል ላይ ናቸው! እጁ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያወርዳት ሲል፣ አያ ዋኘው ግራ እጁን ዘርግቶ መቋሚያዋን ጨብጦ ያዛት።

«ተዋት» አለው በሹክሹክታ። «አሁን ዝም ብለህ ቁም።»

ሰጠኝ ቆመ። ቀሪውን ማኅሌት በሙሉ መቋሚያውን ተመርኩዞ ቆመ። ወደ እናቱ በኩል ለመዞር አልደፈረም። የሚቆጥረው ነገር ስላጣ ማየት ጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ ያየው የሰዎቹን መቋሚያ ነበር። ሊቃውንቱ ግን አንዳቸውም መቋሚያ አያዩም። የሚያዩት የየኔታን ትከሻ ነው። ትከሻቸው ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ዝቅ ሲል ሁሉም ይወርዳል። ትከሻቸው ደግሞ አንድም ጊዜ ከቀድሞው ጋር እኩል አልቆየም።

ከቅዳሴ በኋላ ሊቃውንቱ ደጀ ሰላም ተሰበሰቡ። ሕዝቡም አልሄደም፤ ደጁን ሞልቶ ቆሟል፣ ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል።

«የክንዱ ልጅ ነገር እንዴት ነው?» አሉ አለቃ፤ ወደ የኔታ ዞሩ። «መምህሩ እርስዎ ነዎት።»

የኔታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ድምፁ ሸጋ ነው» አሉ።

«ድምፁን አልጠየቅሁም።»

ከጥግ አንድ ሽማግሌ፣ «አንድ ጊዜ መሳት በማንም ይደርሳል» አለ። ሌላው፣ «ነፍሳቸውን ይማርና ክንዱም በመጀመሪያው ዓመት ጸናጽላቸው ወድቃባቸው ነበር» አለ። ሦስተኛው «ልጁ ደንግጦ ነው» ሲል ሰው ሁሉ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ክንዱን ይወዷቸው ነበር፤ ወይዘሮ ታየችን ደግሞ ይፈሯቸው ነበር። ነገሩ ሊያልፍ ነው። ሰጠኝ ዝም ቢል፣ ያቺን አንዲት አፍታ ብቻ ዝም ብሎ ቢቆም፣ ቤቱም እርሻውም ተመልሶለታል።

ዝም ብሎ መቆም መቼ ያውቅና!

«አባቶቼ» አለ፤ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ወጣ። «አንድ ጊዜ አይደለም የሳትሁት። ከየካቲት ወዲህ እየቆጠርሁ ነው የቆምሁት። ስገጥም የከረምሁትም በቁጥር ነው። ዝማሜ አላወቅሁም።»

አለቃ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ።

«ትቆጥራለህ ማለት?» አሉ አለቃ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ። ስምንት ላይ አወርዳለሁ።»

«ስምንት!» አለ ያ ከጥግ ያለው ሽማግሌ። «ሐብተ ማርያምን በስምንት? ስምንት መቶም አይበቃቸው!» ሳቁ ከውስጥ ተነሥቶ እስከ ደጅ ደረሰ። የኔታ ብቻ አልሳቁም።

«ጠይቄህ ነበር» አሉት።

«አዎ የኔታ።»

«ዋሸኸኝ።»

«ዋሸሁ የኔታ።»

«ያ ሳጥን ነው ያበላሸው» አለ አንዱ።

«ሳጥኑን ተዉት» አሉ የኔታ። «ሳጥኑ አልዋሸኝም።»

አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ፈረዱ። ቃል ቃል ነው፤ ደብረ ዘይት ደርሷል፣ ልጁም ራሱ መስክሯል፤ መሬቱ ለአያ ዋኘው ይሁን አሉ። በመስኮቱ በኩል የወይዘሮ ታየች ድምፅ «እኔስ የት ልውደቅ?» ብሎ ገባ። ሰጠኝ እናቱ ሲያለቅሱ ሰምቶ አያውቅም፤ አሁንም አላለቀሱም፣ ግን ጥያቄያቸውን አልደገሙትም፤ ይህም ለእሳቸው እንደ ማልቀስ ነበር።

ዋኘው ተነሣ። ኮፍያ አልነበረውምና ጥምጥሙን ነካ አደረገ።

«አባታችን፣ አገልግሎቱን እኔ ልወጣ፣ እርሻውንም እኔ ልረስ። ቤቱን ግን ምን ላድርገው? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከጓሮ ያለችው ጎጆ ትበቃኛለች።» ወደ መስኮቱ ዞሮም፣ «ደግሞስ እመት ታየችን አስወጥቼ እዚህ ሰፈር የምኖረው በምን ጆሮዬ ነው?» አለ።

እንደገና ሳቁ። አለቃም ፈገግ አሉ። «እስከ መቼ?»

«ሰጠኝ እስኪቆም» አሉ የኔታ ቀድመው። «ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት። የቆመ ለት እርሻው ይመለስለት።»

«መቆሙን ማን ይፈርዳል? እርስዎ?»

«እኔንማ አታለለኝ።» የኔታ በበትራቸው ወደ ዋኘው አመለከቱ። «ከአጠገቡ የሚቆመው እሱ ነው። እሱ ይፍረድ።»

ሰዉ ሁሉ ዋኘውን አየ። እርሻውን የሚያጣው ሰው ራሱ «አሁን አውቋል» ብሎ እንዲመሰክር መሆኑ ነው። ዋኘው ጢሙን አከከ።

በማግስቱ ሰጠኝ አቶ ይባረክን በረንዳው ላይ አገኘውና የሆነውን ነገረው። ወጣቱ ፊቱ ቀላ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ።

«ምን በወጣዎት። ቁጥርዎ ለእርስዎ መዝሙር ሸጋ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሳጥኑን ሲገልጡት እመጣለሁ።»

ሐሙስ ለት አያ ዋኘው አንድ አህያ ዕቃውን ጭኖ ከጓሮው ጎጆ ገባ። ወይዘሮ ታየች ከደጃፍ ቆመው እያንዳንዱን ዕቃ ሲወርድ ተቆጣጠሩ። «ይኸ ጀበና የት ሊቀመጥ ነው? እዚያ ቁንጫ አለ። ወደዚህ አምጣው» ይላሉ። ኮኳን እንዳይነካ አስጠነቀቁት። ማታ ደግሞ የሽምብራ ወጥ ላኩለት።

ሰጠኝ ግን ሰላም አላገኘም። ሌሊቱን ይገላበጣል። ይህ ሰው መቼ ብሎ ይመሰክርልኛል? ማን ነው በገዛ አፉ ከእርሻ የሚወርድ? ዓርብ አደረ፣ ቅዳሜ አደረ። እሑድ ጎህ ሲቀድ መቋሚያውን ይዞ ወጣና የጎጆዋን በር አንኳኳ። ዋኘው ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

«አያ ዋኘው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቅ።»

«እውነቱን ትፈርድልኛለህ?»

ዋኘው ወደ ታች፣ ወደ እርሻው አየ። ጤዛ አለበት፤ ጫፍ ላይ ባቄላ የነበረበት ደረቅ አገዳ ቆሟል።

«እኔ እንደሆነ እርሻውን ወድጄዋለሁ» አለ። «መሬቱ ጥቁር ነው፣ ውሃው ቅርብ ነው። ስለዚህ በእኔ አትመን። ልዋሽ ብል እንኳ የማልችልበት አድርገህ ቁም። አገር ሁሉ አይቶ፣ እኔ አልቆመም ብል የሚስቅብኝ ይሁን። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው ና ወዲህ። ፊት ለፊቴ ቁም። ከንፈርህን ግጠም።»

ሰጠኝ ቆመ። ከንፈሩን ገጠመ። ዓይኑን ከዋኘው ትከሻ ላይ ተከለ። ዋኘው ጉሮሮውን ጠረገና ያችን ቃል ከዚያ ከጥልቅ ድምፁ አወጣት፤ ትከሻው ከፍ አለ። የሰጠኝም መቋሚያ ተነሥታ አየር ላይ ቀረች። ከቤት ውስጥ ወይዘሮ ታየች በሩን በግማሽ ከፍተው ያያሉ። ቃሏ በጓሮው ዞረች፣ በአጥሩ ላይ ተሻገረች፣ የሰጠኝ ላብ በግንባሩ ወረደ፤ መቋሚያዋ ግን አልወረደችም። ዋኘውም፣ እርሻውን ወድዶ ይሁን ሊያስተምረው ፈልጎ፣ አልጨርስ አለ።